ቀዩ ቀስት፦ የዶክተር ታቢታ ገብረጻድቅ የሕይወት ታሪክ
(ከ1953 እስከ 2018 ዓ.ም.)

የወንድማቸው ልጅ ሃሴት መክብብ እንዳዘጋጀችው

ዶክተር ታቢታ ገብረጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅ ኤርጫፎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ወልዴ መጋቢት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ያን ጊዜ ራሷ ገና ዳዴ ትል ነበርና ዶክተር ታቢታ ዕድሜያቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "የሐዋሳ እኩያ ነኝ፤ እሷ ግን እያደር ታምራለች" ብለው ይመልሱ ነበር። አባታቸው ከከምባታ መጥተው ዛሬ መሃል ከተማ በምንለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ከከፈቱ ቀደምት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። ወንጌልን በተቀበሉ በዓመቱ የመጀመሪያ ሴት ልጃቸውን አገኙና ለድሆች ልብስ ትሰፋ በነበረችው በመጽሐፍ ቅዱሷ ሴት ስም ታቢታ ብለው ሰየሙ። ጨርቅ ነጋዴ ለልጁ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣል? ዶክተር ታቢታ ግን ዕድሜ ልካቸውን አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ሰፍተው አያውቁም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በሐዋሳ ተከታትለዋል። በትምህርታቸው ጎበዝ፣ ጫማ በመጠበቅ ግን ሰነፍ ነበሩ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትተው በሐይቁ ዳር ይዞሩና የደንብ ልብሳቸው ሳይቀር ጭቃ ጠጥቶ ይመጡ ነበር። እናታቸው በየቀኑ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ጭቃ ውስጥ ምን ጠፍቶባት ነው?" እያሉ ይቆጡ ነበር። የዶክተር ታቢታ ሕይወት እንግዲህ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል እንጂ።

በ1971 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1976 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ሦስት ዓመት በይርጋለም ካስተማሩ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በከተማው ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ዓመት ሁለት ፍቅሮች ያዟቸው።

የመጀመሪያው የተገኘው ከማይክሮስኮፕ ሥር ነው። አንድ ቀን ከሐይቁ በጠርሙስ ቀድተው ካመጡት ውኃ አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርገው ሲያዩ ዳያቶም ከሚባሉት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ጋር ተያዩ። ዋቅላሚ ያው በቆመ ውኃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ነገር ነው፤ ዳያቶም ደግሞ ከዚያ ወገን በዓይን የማይታየው፣ እያንዳንዱም መስታወት በመሰለ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው ነው። አንዱ ክብ ነው፣ አንዱ ታንኳ ይመስላል፣ አንዱ መርፌ። ቅርፊታቸው ሁሉ በጥልፍ የተሞላ ነው። ዶክተር ታቢታ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡና በኮሪደሩ ያገኙትን ሁሉ፣ ጥበቃውንም ጸሐፊዋንም፣ "ኑ እዩ! ኧረ ኑ እዩ!" እያሉ ጎትተው አመጡ። እስከ መጨረሻ ዘመናቸው ድረስ አንድ ቆንጆ ዳያቶም ባገኙ ቁጥር እንደዚሁ ያደርጉ ነበር፤ ከጎረቤቶቻችን መካከል ያልተጎተተ ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው ፍቅር አቶ በኃይሉ ዋሲሁን ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳያቶም ሲሞት ወደ ሐይቁ ወለል ይሰምጣል፤ ገላው ይጠፋል፣ ቅርፊቱ ግን በጭቃው ውስጥ ሺህ ዓመት ይቀመጣል፣ በላዩም ሌላው ይደረባል። ጥልቅና ንጹሕ ውኃ የሚወድ ዳያቶም አለ፤ ውኃው ሲጎድልና ጨው ሲበዛበት የሚመቸው አለ፤ ከብት የጠጣበትና እበት የገባበት ውኃ የሚስማማውም አለ። ስለዚህ ጭቃውን ከላይ እስከ ታች ሳይበጠበጥ ማውጣት የቻለ ሰው ዝናብ መቼ እንደጠፋ፣ ሰውስ ከብቱን እየነዳ በውኃው ዳር መቼ እንደሰፈረ እንደ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል። ጭቃውን ሳይበጠብጡ ለማውጣት ግን ረጅም ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ደግሞ የሚገኘው የቧንቧ ባለሙያ ከነበሩት ከአቶ በኃይሉ ዘንድ ነበር። ዶክተር ታቢታ ቧንቧ ሊጠይቁ ሄደው ባል ጨምረው ተመለሱ። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ክብሩንና ኢየሩስንም አፈሩ።

በ1987 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ኖርዌይ ሲሄዱ ልጆቹን አቶ በኃይሉና ወይዘሮ ሽታዬ ተረከቡ። በ1991 ዓ.ም. ተመልሰው ሲመጡ እኛ ዘመዶቻቸው ሻንጣውን ከበን ቸኮሌት ስንጠባበቅ፣ በሦስት ሹራብ የተጠቀለለ አንድ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ብቻ ወጣ። ማኩረፋችንን አይተው ሁላችንንም በየተራ አስጎንብሰው አሳዩን። ቸኮሌቱን ያን ዕለት ረሳነው ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ቀለል አለልን።

እዚህ ላይ ስለ ኩቴክሱ መነገር አለበት። ዳያቶም የተደረገበት መስታወት አየር እንዳይገባው ዳር ዳሩ ይታሸጋል፤ ለዚህም የጥፍር ቀለም ፍቱን ነው። ዶክተር ታቢታ በመሃል ከተማ ከወይዘሮ ኡሙልኸይር የመዋቢያ ሱቅ በየወሩ ቀይ ኩቴክስ በብልቃጥ በብልቃጥ ይገዙ ነበር። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ደንበኛቸውን ቢወዱም ጥፍራቸውን ባዩ ቁጥር ይገረሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግን ወሬው ሌላ ሆነ። አንድ ቀን ቦርሳቸው ተከፍቶ ቀዩ ብልቃጥ ታየና የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አለምነሽ ሊመክሯቸው ቤታቸው ድረስ መጡ። ዶክተር ታቢታ አሥሩንም ጥፍሮቻቸውን ዘርግተው አሳዩ፤ ከጭቃ በቀር ምንም አልነበረባቸውም። ከዚያም እጃቸውን ይዘው ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዷቸው። ወይዘሮ አለምነሽ ማይክሮስኮፑ ላይ ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ፤ ቀና ሲሉም፣ "ጌታ ሆይ! ይህን ሁሉ ጥልፍ ማንም በማያየው ቦታ የጠለፍከው ለማን ብለህ ነው?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ኩቴክሱ ሲያልቅ ሱቅ የሚላኩት ወይዘሮ አለምነሽ ራሳቸው ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከቤተሰቡ መካከል ይህ ባይነበብ የሚል ነበረ፤ ዶክተር ታቢታ ግን በሕይወት ሳሉ፣ "ስሕተቴን ካልጻፋችሁ ታሪኬን አትጻፉ" ብለው አስጠንቅቀውናል። የእርሳቸውን ቁጣ የሚያውቅ ሰው ይፈርድልናል።

በ1997 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብላ ከምትገኘው፣ የአካባቢው ሰው ትንሿ ውኃ ከሚላት ሐይቅ ሦስት ሜትር ጭቃ አወጡ። ጭቃው አንድ አንድ ሜትር በሆኑ ሦስት ቧንቧዎች ተከፍሎ ነበር። የመጨረሻው፣ ማለትም ከሁሉም ጥልቅ የሆነው ቧንቧ ሲወጣ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ ተናወጠች፤ ሁሉም ተጣድፎ ወደ ዳር ቀዘፈ። በዚያ ግርግር የሦስተኛው ቧንቧ ላይና ታች ተለዋወጠ። በቧንቧው ላይ የጻፉት ራሳቸው ዶክተር ታቢታ ነበሩ፤ የታችኛውን ጫፍ የላይኛው ብለው ጻፉት። ማንም አላየም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጠሩ፤ ከእያንዳንዱ መስታወት አራት መቶ አራት መቶ ዳያቶም። በ1999 ዓ.ም. ውጤቱ በውጭ አገር መጽሔት ታተመ፤ እዚህም በባህል አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ አቀረቡት። ውጤቱ፣ መጀመሪያ ሰው ከከብቱ ጋር በትንሿ ውኃ ዳር ሰፈረ፣ ውኃዋ የጎደለችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ያደረቋት ከብት አርቢዎቹ ናቸው የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ግን ከትንሿ ውኃ ዳር የመጡ አቶ ሌዳሞ የተባሉ የሲዳማ ሽማግሌ ተነሡና፣ "ልጄ፣ እንዲህ አይደለም። አባቶቻችን የመጡት ውኃው ሸሽቶ ሣር ሲያበቅል ነው። ውኃውን ተከትለን መጣን እንጂ አላባረርነውም" አሉ። ዶክተር ታቢታ በአክብሮት ካዳመጧቸው በኋላ፣ "አባቴ፣ ሰው ይረሳል፤ ጭቃ ግን አይዋሽም" ብለው መለሱላቸው። በዚህች ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲጸጸቱ ኖረዋል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ጽሑፋቸው ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሄዶ በ2006 ዓ.ም. ሐይቋን ለማዳን በሚል በዳሯ ያሉት ቤተሰቦች ከነከብቶቻቸው እንዲነሡ ሐሳብ ቀረበ። ከሐሳቡ ሥር በማስረጃነት የሰፈረው የዶክተር ታቢታ ስም ነበር። እርሳቸውም እንቅልፍ አጡ፤ ሰው ይፈናቀል ብለው አልጻፉም ነበርና። ለማነጋገር ወደ አቶ ሌዳሞ ቤት ሄዱ።

አቶ ሌዳሞ ቂም አልያዙም፤ እንግዳ ነውና ምሳ አዘዙ። ምሳው እስኪደርስ ዶክተር ታቢታ ወደ ጓሮ ወጥተው የእንሰት ሥራ ይመለከቱ ጀመር። ሴቶቹ ከተፋቀው እንሰት የጨመቁትን ውኃ በሰፊ ዕቃ አስቀምጠውታል፤ ቡላው ከሥር ረግቷል፣ ስሱ ውኃ ከላይ ቀርቷል። ከባድ ነገር ወደ ታች፣ ቀላል ነገር ወደ ላይ፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዶክተር ታቢታ ግን ዕቃውን እያዩ ደርቀው ቀሩ። በሦስተኛው ቧንቧ ውስጥ ጎርፍ ባመጣው ንብርብር ሁሉ ከባዱ አሸዋ ከላይ፣ ስሱ ደለል ከታች ነበር! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በማስታወሻቸው ጠርዝ ላይ "እንግዳ ነገር" ብለው ጽፈው ያለፉት ይህንኑ ነው። ቧንቧው ተዘቅዝቆ ነበር። ዶክተር ታቢታ ምሳውን ትተው ወደ መኪናው ሮጡ፤ የአቶ ሌዳሞ ባለቤት፣ "ምነው? ቆጮው ምን በደላት?" ብለው አዘኑ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የሦስተኛውን ቧንቧ መስታወቶች እንደገና ቆጠሩ። ቧንቧው ሲቃና ታሪኩም ተቃና። መጀመሪያ ድርቁ መጣ፣ ውኃው ሸሸ፣ ጨው የሚወዱት ዳያቶሞች በዙ። ሰውና ከብት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ውኃውም ቀስ በቀስ ተመልሶ ከእነርሱ ጋር አብሮ ኖረ። ቃል በቃል አቶ ሌዳሞ የተናገሩት ነው። ዶክተር ታቢታ በደስታ ይጮኹ ነበር፣ በኀፍረትም ያለቅሱ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት እንደቻሉት ያየነው እናውቃለን።

የፕሮፌሰርነት ማዕረጋቸው ሊጸድቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ስለነበር አንድ ወዳጃቸው ነገሩን በጨዋ ደንብ ዝም እንዲሉት፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብሎ መከራቸው። እርሳቸውም፣ "የኔው ውስጥ ዝንቡ ከገባ ሰነበተ፤ አሁን ካልተፋሁት መቼ ልተፋው?" አሉት። ለመጽሔቱ ጽፈው ሥራቸውን በገዛ እጃቸው ሻሩ። ማዕረጉም በዚያው ቀረ።

ይህ ግን አልበቃቸውም፤ የበደሉት መጽሔቱን አልነበረምና። በሲዳማ ባህል አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዱ የሰማውን ለሌላው እያሰማ እውነቱ እስኪጠራ ድረስ የሚነጋገርበት ነው። ዶክተር ታቢታ ተዘቅዝቆ የነበረውን ቧንቧ ተሸክመው እዚያ ቀረቡ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ ሲዳምኛ ስሕተታቸውን አስረዱ። ሽማግሌዎቹ ረጅም ጊዜ ተመካከሩ። ከዚያ አቶ ሌዳሞ ተነሥተው፣ "ልጄ፣ ጭቃው አልዋሸም፤ አንቺ በጭንቅላቱ ዘቅዝቀሽ አቁመሽው ነው። ካሣ አንፈልግም። ከእንግዲህ ግን ከውኃችን ጭቃ ስትወስጂ ላዩን ከታቹ የሚለይ ምልክት ሳታደርጊ ከጀልባ እንዳትወርጂ" ብለው ፈረዱ። ዶክተር ታቢታ ወዲያው ቦርሳቸውን ከፍተው ኩቴክሱን አወጡና በቧንቧው ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀይ ቀስት ሳሉ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ማስረጃው ሲሻር ሐሳቡም ተሻረ፤ ቤተሰቦቹ ዛሬም ከነከብቶቻቸው እዚያው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ በዶክተር ታቢታ ቤት ቀይ ቀስት ያልተሳለበት ዕቃ ጠፋ። የስኳር ቆርቆሮው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ሻንጣው፣ የሠርግ ፎቷቸው ጀርባ ሳይቀር ቀስት አለበት። አቶ በኃይሉ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት እስኪፈሩ ድረስ ደረሱ፤ ተኝቼ ግንባሬ ላይ ትስልብኛለች ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ግን በእርማቱ ብቻ አይረካም፤ ዶክተር ታቢታም ከጅምሩ በንጹሕ እጅ የወጣ ሌላ ጭቃ አስፈለጋቸው። በ2009 ዓ.ም. ከትንሿ ውኃ ሰባት ሜትር አወጡ። አቶ ሌዳሞ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው በጀልባዋ መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ቀስቱን ሳያዩ አንድም ቧንቧ አላሳለፉም። ቆጠራው ሥራ ስለሚበዛባቸው ዓመታት ወሰደ። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ማይክሮስኮፑን ሳሎን አስገቡት፤ ቴሌቪዥኑም ቦታ ለቀቀ። በ2014 ዓ.ም. ግን የስኳር ሕመማቸው ዓይናቸውን ያዘው። ስልሳ ሁለት መስታወት ሲቀራቸው ዳያቶሞቹ ደበዘዙባቸው።

ያኔ ፈራን፤ እርሳቸውም ፈሩ። እውነቱን ሳላረጋግጥ እሞታለሁ የሚለው ከሕመሙ ይልቅ ይጎዳቸው ነበር። ልጃቸው ኢየሩስ ፋርማሲስት ናት፤ ከሥራ ስትመለስ በማይክሮስኮፑ ላይ ትቀመጥና የምታየውን ትናገር ጀመር። እናት ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰይማሉ። ኢየሩስ፣ "ታንኳ ትመስላለች፣ መሃሏ ወፈር ያለ" ስትል፣ "ጫፏስ? ጫፏ ሾል ያለ ነው?" ብለው ይጠይቁ ነበር። "አዎ" ካለች፣ "እሰይ! ጨው ወዳዷ ናት፤ ጻፊ!" እያሉ ወንበሩን ይደበድቡ ነበር። ልጅቱም መርፌውን ከታንኳው ሳትለይ ጀምራ የእናቷን ዳያቶሞች በስም ለመጥራት በቃች።

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የመጨረሻው መስታወት ተቆጠረ። ድርቁ ከታች፣ ሰውና ከብት ከላይ፤ ምንም ጥርጥር የለውም! ዶክተር ታቢታ ግድግዳውን እየዳሰሱ ተነሥተው አጨበጨቡ፣ ዘመሩ፣ አቶ በኃይሉን አቅፈው ሊጥሏቸው ደረሱ። ከዚያ ለአቶ ሌዳሞ ስልክ አስደወሉና፣ "አባቴ፣ ጭቃው ከእርስዎ ጋር ተስማማ!" ብለው ጮኹ። አቶ ሌዳሞም፣ "እኔና ጭቃው መቼ ተጣልተን እናውቃለን?" ብለው መለሱ። እኛም ወይዘሮ ሽታዬን አስታወስናቸው። ታቢታ ጭቃ ውስጥ ምን እንደጠፋባቸው ያን ቀን በሕይወት ኖረው ቢሰሙ ምንኛ በወደድን።

ዶክተር ታቢታ የስኳር ሕመሙ ኩላሊታቸውን ስለጎዳው ከመስከረም ወር ጀምሮ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐርፈዋል። ዶክተር ታቢታ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በትንሽ ቅርፊት ላይ ጥልፍ የጠለፈ፣ በጭቃ የተቀበረችውንም ቅንጣት የማይረሳ አምላክ ታቢታን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ ለአቶ በኃይሉ፣ ለክብሩ፣ ለኢየሩስና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናቱን ያብዛልን።

ለኅትመት የሰጠነው ጽሑፍ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቀጥሎ ያለውን ዛሬ ጠዋት በእጅ ጨምረነዋል።

አቶ ሌዳሞ በማለዳ ከትንሿ ውኃ መጡ። ዓይናቸው እንደ ቀድሞው ስላልሆነ ሣጥኑን ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም፣ "የልጄ ቀስት የታለ? ላይና ታቹን ሳንለይ ልንወስዳት ነው?" ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አለምነሽ ቦርሳቸውን ከፍተው ቀዩን ብልቃጥ አወጡ። ቀስቱን ሲስሉ፣ እንባቸው ቀለሙ ላይ እንዳይወርድ ወይዘሮ ኡሙልኸይር በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ያብሱላቸው ነበር። ሣጥኑን የምትሸከሙ ወንድሞች፣ በራስጌ በኩል ስትይዙ እባካችሁ እጃችሁን ጠንቀቅ አድርጉ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።